የወጣቶች አመራር በኢትዮጵያ ኅብረት ሥራ ማኅበራት

የወጣቶች አመራር በኢትዮጵያ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማለት ወጣት አባላትን ለማኅበራቸው የሥራ አመራር፣ የቁጥጥርና የሒሳብ ኃላፊነት ደረጃ በደረጃ ማብቃት ነው። በተለምዶ «ተተኪ ማፍራት» ይባላል። ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱ ንብረት ስለሆነ መሪው ከአባላቱ መካከል ይመረጣል። በመሆኑም አንድ ማኅበር ከመሥራቾቹ ዕድሜ በላይ መቆየት የሚችለው ከታች የሚመጡ አባላት ሥራውን ተምረው ሲረከቡ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ሁለት ምንጮች አሉት። አንደኛው እንደ እቁብ፣ እድር፣ ደቦና ወንፈል ያለው ነባር የመረዳዳት ልማድ ነው። ሁለተኛው ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው በወጡ ሕጎች የተቋቋመው ዘመናዊ ኅብረት ሥራ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ከሚታዩባቸው ቦታዎች አንዱ በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የመርካቶ ገበያ ነው።

ትርጉም

ኅብረት ሥራ ማኅበር ሰዎች የጋራ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ችግራቸውን ለመፍታት በፈቃዳቸው የሚያቋቁሙት ድርጅት ነው። ከአክሲዮን ማኅበር የሚለየው በዋናነት በድምፅ አሰጣጡ ነው። በአክሲዮን ማኅበር የድምፅ ብዛት በአክሲዮን ብዛት ይለካል። በኅብረት ሥራ ማኅበር ግን እያንዳንዱ አባል ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ገና አንድ ዕጣ የገዛ የሃያ ዓመት ወጣትና ብዙ ዕጣ ያላቸው አንጋፋ ነጋዴ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እኩል ናቸው።

«ወጣት» የሚለው ቃል እንደ ሰነዱ ይለያያል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣት ይላል። የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ደግሞ ከ15 እስከ 35 ዓመት ይወስዳል።

የወጣቶች ትምህርት ከዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ መርሆዎች ውስጥ ይገኛል። በ1895 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የኅብረት ሥራ ኅብረት በ1995 እ.ኤ.አ. በማንችስተር ባደረገው ጉባኤ ሰባት መርሆዎችን አጽድቋል። አምስተኛው መርህ ስለ ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ነው። ማኅበራት አባሎቻቸውን፣ የተመረጡ ተወካዮችን፣ ሥራ አስኪያጆችንና ሠራተኞችን እንዲያሠለጥኑ ያዛል። ስለ ኅብረት ሥራ ምንነትና ጥቅም ለሕዝቡ እንዲያሳውቁ ሲል ደግሞ ወጣቶችን ለይቶ ይጠቅሳል።

ታሪክ

ነባር ማኅበራት

ከዘመናዊው ሕግ በፊት በኢትዮጵያ ብዙ ዓይነት የመረዳዳት ማኅበራት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በገጠር ደቦ፣ ጅጊና ወንፈል ጉልበትን ያስተባብራሉ። በከተማ እድር የሐዘንተኛን ወጪና ድካም ይጋራል፣ እቁብ ደግሞ ገንዘብን በተራ ያዳርሳል። የእነዚህ ማኅበራት ኃላፊዎች ዳኛ ወይም ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይባላሉ። ሥራውን የሚማሩት ከትምህርት ቤት ሳይሆን አጠገብ ሆኖ በማየት ነው።

የዘውዱ ዘመን

የመጀመሪያው ሕግ በ1953 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ድንጋጌ ቁጥር 44 ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰፋ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 ወጣ። በከተማ ትልቅ ምሳሌ የሆነው በ1964 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ያቋቋሙት የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር በአገሪቱ የመጀመሪያው የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሆኖ ይጠቀሳል።

የደርግ ዘመን

ወጣቶች በስፋት የማኅበር አደራጅ የሆኑት በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በተጀመረው «እድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ» ወደ 60,000 የሚጠጉ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር ተሰማሩ። ከተግባራቸው አንዱ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ማስረዳትና የገበሬ ማኅበራትን ማደራጀት ነበር። ዘመቻው ወጣቶች ብዙ ሕዝብ የማደራጀት አቅም እንዳላቸው አሳይቷል። ሆኖም ዘማቾቹ የማኅበራቱ አባላት አልነበሩም። ዘመቻው ሲያበቃ ተመለሱ፤ ማኅበራቱም ኑሯቸውን ቀጠሉ።

በ1970 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 138 ማኅበራትን የሶሻሊስት ግንባታ መሣሪያ አደረጋቸው። የገበሬ አምራቾች ማኅበራት መሬትንና የማምረቻ መሣሪያዎችን የጋራ በማድረግ መጠናቸው መልባ፣ ወልባና ወላንድ በሚባሉ ደረጃዎች ይመደቡ ነበር። በከተማ ደግሞ በቀበሌዎች የኅብረት ሱቆች ተከፈቱ። በዚህ ጊዜ የመሪዎች ምርጫና የሥራ ዕቅድ በአብዛኛው ከላይ በሚመጣ መመሪያ ይወሰን ነበር።

በ1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲን ሲያውጁ ገበሬዎች ከአምራች ማኅበራት መውጣት ተፈቀደላቸው። አብዛኞቹ ማኅበራት በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ፣ ገበሬዎቹም መሬትና ከብት ተከፋፈሉ። ማኅበራቱ ለብዙ ዓመታት ቢሠሩም «ይህ የእኛ ነው» ብሎ የሚሟገትላቸው አባል አልነበራቸውም። ከዚህ ታሪክ በተደጋጋሚ የሚወሰደው ትምህርት በትእዛዝ የተሾመ መሪ ትእዛዙ ሲቀር አብሮ እንደሚቀር ነው። በዚህም ምክንያት «ኅብረት ሥራ» የሚለው ቃል ራሱ በብዙ ሰው ዘንድ ለረጅም ጊዜ የግዳጅ ትዝታ ይዞ ቆይቷል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ

የግብርና ኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 85/1986 ማኅበራትን በፈቃደኝነት ላይ እንደ አዲስ ለማቆም ሞከረ። ቀጥሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ሁሉንም ዓይነት ማኅበራት የሚመለከት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 274/1994 የፌዴራል ኅብረት ሥራ ኮሚሽን ተቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ በኋላ ኤጀንሲ ሆኖ ቆይቶ ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረት ሥራ ኮሚሽን ይባላል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 985 ወጥቶ የ1991ዱን ተካ።

በዚህ ዘመን ትልልቅ ዩኒየኖች ተቋቋሙ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1999 እ.ኤ.አ.፣ የሲዳማ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ የይርጋጨፌ ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. ተመሠረቱ። የኦሮሚያ ዩኒየን መሪ የነበሩት ታደሰ መስቀላ በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው ስለ ቡና ንግድ በሚናገረው ዘጋቢ ፊልም በዓለም ታውቀዋል። በቡና ዩኒየኖች ሥራ የኅብረት ሥራ መሪ ከስብሰባ መምራት ባሻገር የዓለም ገበያ ዋጋን፣ ውልንና የጥራት ደረጃን ማወቅ እንዳለበት ታየ።

በኅዳር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮሚቴ የጋራ ጥቅምን በኅብረት ሥራ የማደራጀት ሐሳብና ልማድን በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል። ጥያቄው የቀረበው ከጀርመን ሲሆን የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም በዚያው ስብሰባ ተመዝግቧል። ገዳ ኃላፊነት በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው የሚተላለፍበትና ተተኪዎች አስቀድመው የሚዘጋጁበት ሥርዓት ነው።

ሕጉና የመሪዎች መተካካት

አዋጅ ቁጥር 147/1991 ስለ ተተኪ መሪዎች በቀጥታ ብዙ ባይናገርም የመተካካትን አስፈላጊነት የሚያመጡ ድንጋጌዎች ነበሩት።

* ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ አሥር ሰው ያስፈልጋል።
* ዕድሜው 14 ዓመት የሆነ ሰው የማኅበር አባል መሆን ይችላል።
* የበላዩ የሥልጣን አካል በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ ነው።
* የሥራ አመራር ኮሚቴ የሥራ ዘመን ሦስት ዓመት ነው። አንድ ሰው በተከታታይ ከሁለት ጊዜ በላይ ሊመረጥ አይችልም።
* ማንም አባል ከተከፈለው የዕጣ ካፒታል ከአሥር በመቶ በላይ መያዝ አይችልም።
* ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይቀመጣል።

ከእነዚህ ውስጥ ለተተኪዎች ጉዳይ ዋናው የሥራ ዘመን ገደብ ነው። ሁለት ጊዜ ሦስት ዓመት ስድስት ዓመት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ማኅበር ዛሬ ኮሚቴ ሲመርጥ ቢበዛ ከስድስት ዓመት በኋላ ሌሎች ሰዎች እንደሚያስፈልጉት ከወዲሁ ያውቃል። ዝግጅት ካላደረገ ሁለት መንገዶች ብቻ ይቀሩታል። አንዱ ደንቡን እየጣሱ በነባሮቹ መቀጠል ነው። ሌላው ሒሳብ መዝገብ አንብቦ ለማያውቅ ሰው የአባላትን ቁጠባ ማስረከብ ነው። ሁለቱም አደጋ አላቸው።

አሁን ባለው ሕግና በየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ መካከል የዝርዝር ልዩነት ሊኖር ስለሚችል አንድ አባል የራሱን ማኅበር ደንብ ማንበብ ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የመሪነት ትምህርትም ይኸው ነው።

መርካቶ

የመርካቶ ገበያ አሁን ባለበት ቦታ የተደራጀው በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። ገበያው በሸቀጥ ዓይነት በተራዎች የተከፋፈለ ነው። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቦምብ ተራና ምን አለሽ ተራ ከታወቁት መካከል ናቸው። በእያንዳንዱ ተራ ጎረቤት ነጋዴዎች በዋጋ ይወዳደራሉ፤ በእቁብና በእድር ደግሞ ይተሳሰራሉ።

እቁብ እንደ መማሪያ

ወደ መርካቶ የሚመጣ ወጣት ብዙ ጊዜ በተላላኪነት፣ በሊስትሮነት ወይም በሱቅ ረዳትነት ይጀምራል። ባንክ ከመግባቱ በፊት እቁብ ይገባል። ሊስትሮዎች በየቀኑ ትንሽ ገንዘብ የሚጥሉበት የዕለት እቁብ አላቸው። ነጋዴዎች ደግሞ በሳምንት ከፍ ያለ ገንዘብ ይጥላሉ።

የእቁብ አሠራር ቀላል ነው። ለምሳሌ አሥር ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ አንድ ሰው 10,000 ብር ይወስዳል። በአሥረኛው ሳምንት ሁሉም ደርሷቸው እቁቡ ያልቃል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበድሮ በየሳምንቱ እንደከፈለ ይቆጠራል። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ እንደቆጠበ ነው። ቀድሞ የደረሰው መክፈል ቢያቆም የኋለኞቹ ገንዘብ ስለሚጠፋ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል።

ዳኛው የሚመረጠው በታማኝነቱና በገበያው በመታወቁ ነው። ወጣቶች በአብዛኛው የሚገቡት በጸሐፊነት በኩል ነው። የከፈለንና ያልከፈለን መዝግቦ መያዝ፣ ክርክር ሲነሳ መዝገቡን አውጥቶ ማሳየትና የዘገየን ሰው ሳያስቀይሙ መጠየቅ በእቁብ ውስጥ የሚለመዱ ክህሎቶች ናቸው። ለኅብረት ሥራ ማኅበርም እነዚሁ ያስፈልጋሉ።

ከእቁብ ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበር

እቁብና የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢመሳሰሉም የሚፈልጉት የመሪ ዓይነት ይለያል። እቁብ ሁሉም ሲደርሳቸው ያበቃል፣ ካፒታልም አያስቀርም። የቁጠባና ብድር ማኅበር ግን በሕግ የተመዘገበ ሰውነት አለው፣ ዕጣ ይሸጣል፣ ብድር በወለድ ይሰጣል፣ መጠባበቂያ ያስቀምጣል፣ በየዓመቱም ኦዲት ይደረጋል። ቃሉም ይለያያል። በእቁብ «ዕጣ» ማለት ተራ የሚወጣበት ነው። በኅብረት ሥራ ሕግ «ዕጣ» ማለት አባሉ በማኅበሩ ውስጥ ያለው የባለቤትነት ድርሻ ነው።

ለምሳሌ አሥሩ ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢቆጥቡ በዓመቱ መጨረሻ 120,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ወዲያው አይከፋፈልም። ለማን፣ ለምን ሥራ፣ በምን ዋስትናና በስንት ጊዜ እንደሚበደር የብድር ኮሚቴው ይወስናል። የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 10,000 ብር ቢሆን በ30 በመቶው ደንብ 3,000 ብር ለመጠባበቂያ ይገባል፣ ስለቀሪው 7,000 ብር ጠቅላላ ጉባኤው ይመክራል።

የእቁብ ዳኛ አባላቱን በመልክ ስለሚያውቅ በትውውቅ መምራት ይችላል። አባላቱ በሺዎች ሲቆጠሩ ግን ትውውቅ ብቻውን አይበቃም። በዚያ ጊዜ መሪው የሚመራው በመዝገብ፣ በደንብና በቁጥጥር ነው። ስለዚህ በእቁብ ያደገ ወጣት ወደ ኅብረት ሥራ ሲሻገር ታማኝነቱን ይዞ ሒሳብና ሕግ መጨመር አለበት።

የሸማቾች ማኅበራት

በአዲስ አበባ በየክፍለ ከተማው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች አሉ። ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት የመሰሉ ሸቀጦችን ለነዋሪዎች ያከፋፍላሉ። ብዙ ወጣት «ሸማቾች» የሚለውን ስም የሚያውቀው ዘይት ወይም ስኳር ለመግዛት ሲሰለፍ ነው። በዚህ ምክንያት ሱቁን የመንግሥት አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። አባል ሆኖ ዕጣ መግዛት፣ በጉባኤ መገኘትና ሒሳብ መጠየቅ እንደሚቻል የሚያውቀው ጥቂት ነው። ተተኪ የማፍራት ሥራ በእነዚህ ማኅበራት የሚጀምረው ደንበኛን ወደ አባልነት ከማምጣት ነው።

መሪ የሚሆን አባል የሚማራቸው ነገሮች

ሒሳብ ማንበብ። የሥራ አመራር ኮሚቴ አባል የሒሳብ ሹም መሆን አይጠበቅበትም። ነገር ግን የሀብትና ዕዳ መግለጫን፣ የገቢና ወጪ መዝገብንና የኦዲት ሪፖርትን አንብቦ መጠየቅ መቻል አለበት። በቁጠባና ብድር ማኅበር ወሳኙ ጥያቄ ከተበደረው ገንዘብ ምን ያህሉ በጊዜው እየተመለሰ ነው የሚለው ነው።

ስብሰባ መምራት። አጀንዳ ማዘጋጀት፣ ምልዓተ ጉባኤ መሙላቱን ማረጋገጥ፣ የተቃራኒን ሐሳብ ማስደመጥና ውሳኔን በቃለ ጉባኤ ማስፈር ያስፈልጋል። ቃለ ጉባኤ ከሌለ ውሳኔው እንደተወሰነ ማስረጃ አይኖርም።

ኃላፊነትን መለየት። ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው ያስፈጽማል፣ ቁጥጥር ኮሚቴው ይመረምራል፣ ቅጥር ሥራ አስኪያጁ የዕለት ሥራውን ያካሂዳል። እነዚህ ሲደባለቁ ገንዘብ ያወጣው ሰውና ወጪውን የሚመረምረው ሰው አንድ ይሆናሉ።

ገበያ ማወቅ። ማኅበር ንግድ ስለሆነ ዋጋ፣ ውል፣ ክምችትና ማጓጓዣ ያስፈልጉታል። በዚህ በኩል በገበያ ውስጥ ያደጉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የተሻለ ልምድ አላቸው።

የመብቃት ደረጃዎች

ወጣት አባል በአንድ ጊዜ ሊቀመንበር አይሆንም። በየደረጃው ማለፉ ለእሱም ለማኅበሩም ይጠቅማል። በቅድሚያ አባል ሆኖ ይቆጥባል፣ ደንቡን ያነባል፣ በጉባኤ ይገኛል። ቀጥሎ በትምህርት፣ በብድር ወይም በግዢ ንዑስ ኮሚቴ ይሠራል። ከዚያ በኮሚቴ ስብሰባ ያለ ድምፅ በታዛቢነት ተቀምጦ ውሳኔ እንዴት እንደሚሰጥ ያያል። የቁጥጥር ኮሚቴ ደግሞ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ምክንያቱም የማኅበሩን ሥራ ሁሉ በሰነድ በኩል ያሳያል። ከዚህ በኋላ ለሥራ አመራር ኮሚቴ ሲወዳደር አባላቱ ያውቁታል፣ እሱም ሥራውን ያውቀዋል።

የነባር መሪዎች ድርሻ ከሥልጣን መውረድ ብቻ አይደለም። ሰነዶችን በዝርዝር ማስረከብ፣ ከአቅራቢዎችና ከባንክ ጋር ማስተዋወቅ፣ ከወረዱም በኋላ ሲጠየቁ መምከር ይጠበቅባቸዋል።

የትምህርት ተቋማት

በኢትዮጵያ የኅብረት ሥራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይሰጣል። አምቦ፣ መቀሌና ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚጠቀሱት ውስጥ ናቸው። ተመራቂዎች በአብዛኛው የሚቀጠሩት በመንግሥት የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቶች በባለሙያነት ወይም በዩኒየኖች በሥራ አስኪያጅነት ነው። ይህ ከተመረጠ መሪነት ይለያል። ባለሙያ በቅጥር ይመጣል፣ መሪ ግን ከአባላት መካከል ይመረጣል። ማኅበር ሁለቱም ያስፈልጉታል። ይሁን እንጂ ባለሙያው የሚያቀርበውን ሪፖርት የሚረዳ የተመረጠ መሪ ከሌለ ማኅበሩ በተቀጣሪው እጅ ይወድቃል።

ለአባላትና ለኮሚቴዎች አጫጭር ሥልጠናዎች የሚሰጡት በአብዛኛው በየደረጃው ባሉ የመንግሥት ኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቶች፣ በዩኒየኖችና በልማት ድርጅቶች ነው።

እንቅፋቶች

የዕድሜ ክብር። በስብሰባ ታላቅን ማስቀደም መልካም ባህል ነው። ይሁን እንጂ ወጣት አባል የሒሳብ ስህተት አይቶ ዝም እንዲል ካደረገው ማኅበሩን ይጎዳል። አንዳንድ ማኅበራት ጥያቄን በጽሑፍ በማቅረብ ይህን ያቃልላሉ።

ዋስና ካፒታል። ንብረት የሌለው ወጣት ዋስ ለማግኘት ይቸገራል። በእቁብ የኋለኛውን ተራ ይወስዳል፣ በብድር ማኅበር ደግሞ ትንሽ ብድር ያገኛል። ድርሻው ትንሽ ስለሆነ ድምፁም ትንሽ የሚመስለው ብዙ ነው። በሕጉ ግን ድምፁ እኩል ነው።

ጊዜ። የኮሚቴ ሥራ ብዙ ጊዜ ደመወዝ የለውም። ከማለዳ እስከ ምሽት ሱቅ የሚውል ረዳት በስብሰባ ለመገኘት የቀን ገቢውን መተው ይኖርበታል። ለሴቶች የቤት ሥራ ሲጨመርበት ችግሩ ይበረታል። በአባልነት ሴቶች በበዙበት ማኅበር ውስጥ እንኳ ሊቀመንበሩ ወንድ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ለብድር ብቻ መደራጀት። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ ብዙ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ተደራጅተው በኮንዶሚኒየም ግንባታና በኮብልስቶን ንጣፍ ሠርተዋል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 995 ተቋቋመ። እነዚህ የሥራ ዕድል ከፍተዋል። ነገር ግን ብድር፣ የመሥሪያ ቦታ ወይም የሥራ ውል ለማግኘት ብቻ የተሰባሰበ ቡድን ጥቅሙን ሲያገኝ ወይም ሲያጣ ሊበተን ይችላል። በፍጥነት የተሟላ የስም ዝርዝር ማኅበር አይሆንም። አባላቱ ቀደም ብለው አብረው ቆጥበውና ተከራክረው ከሆነ ግን የመቆየት ዕድላቸው ይጨምራል።

ቴክኖሎጂና ወጣቶች

የባንኮች የሞባይል አገልግሎትና በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የመዋጮ አሰባሰብን ቀይረዋል። አባል ከሱቁ ሳይነሳ ቁጠባውን መላክ ይችላል። ማኅበራትም መዝገባቸውን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ሲያዞሩ ወጣቶችን ይፈልጋሉ። ይህ ለብዙ ወጣት የመጀመሪያው በር ነው።

ሆኖም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ወጣቱ መረጃ የሚያስገባ እጅ ብቻ ሆኖ ከውሳኔ ውጭ እንዳይቀር ነው። ሁለተኛው የመዝገቡ ቁልፍ ቃል በአንድ ሰው እጅ እንዳይሆን ነው። በደብተር ዘመን አንድ ገጽ ቢቀደድ ይታያል። በኮምፒውተር ግን አንድ ቁጥር ቢቀየር ማን፣ መቼ እንደቀየረው የሚመዘግብ ሥርዓት ከሌለ አይታወቅም። መዝገቡን የሚያስገባና የሚያጸድቅ ሰው መለየት፣ ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥና ለአባላት የየራሳቸውን ሒሳብ በየጊዜው መላክ የድሮውን የእቁብ ግልጽነት በአዲስ መሣሪያ ያስቀጥላል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሮችዴል 28 ሰዎች የመሠረቱት የሸማቾች ማኅበር የዘመናዊው ኅብረት ሥራ መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። ማኅበሩ ከሱቁ ጎን ለአባላት የንባብ ክፍልና ቤተ መጻሕፍት ነበረው፣ ከትርፉም ለትምህርት ይመድብ ነበር።

በስፔን ባስክ አካባቢ በሞንድራጎን ከተማ ቄስ ሆሴ ማሪያ አሪዝሜንዲያሪየታ በ1943 እ.ኤ.አ. የሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1956 እ.ኤ.አ.፣ ከትምህርት ቤቱ የወጡ አምስት ወጣቶች ኡልጎር የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ይህ ዛሬ በዓለም ካሉት ትልልቅ የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ስብስቦች አንዱ ለሆነው ለሞንድራጎን መነሻ ነው። በዚያ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ሰው ተማረ፣ ከዚያ ማኅበሩ ተቋቋመ።

በምሥራቅ አፍሪካ በታንዛኒያ ሞሺ በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኅብረት ሥራ ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። በኬንያም ከ1952 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

በእነዚህ አገሮችም ሆነ በመርካቶ ጥያቄው አንድ ነው። የአባላት ቁጠባ የሚጠበቀው መሥራቾቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ብቻ ነው ወይስ ከእነሱም በኋላ? የኢትዮጵያ ታሪክ በሁለት በኩል መልስ ይሰጣል። ከላይ የተሾሙ መሪዎች የነበሯቸው የአምራች ማኅበራት በ1982 ዓ.ም. በአጭር ጊዜ ፈርሰዋል። ጸሐፊው ከዳኛው አጠገብ ተቀምጦ የሚማርበት እቁብ ግን ያለ አዋጅና ያለ በጀት ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ተላልፏል።

ደግሞ ይዩ

* እቁብ
* እድር
* ደቦ
* መርካቶ
* አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ
* እድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ
* የገዳ ሥርዓት